ጥሪና ብድር

የመጀመሪያ ልጄ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የባችለር ዲግሪ ለመያዝ ቆርጣለች። እናቷም እኔም ደስ ብሎናል። እዚህ ሜሪላንድ ያደገ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቅ ስንቱ ወላጅ በጾም በጸሎት ይለምናል፤ እርሷ ግን ከዚያም አልፋ ዕድሜዬን ለቃሉ ልስጥ ብላለች። እምቢ የምል አባት አይደለሁም። ሆኖም ከደስታው ጎን ሳወጣ ሳወርደው የሰነበትሁት ሒሳብ ስላለ፣ ሐሳቤ እንዲጠራልኝ በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ።

ኮሌጁ የላከው የእርዳታ ደብዳቤ ለዓይን ያማረ ነው። ከላይ የኮሌጁ ስኮላርሺፕ፣ ከሥሩ ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ፣ ቀጥሎ ሁለት መስመር የፌዴራል የተማሪ ብድር፣ በመጨረሻም ለወላጅ የሚሰጠው ፓረንት ፕላስ የተባለ ብድር ተደርድረው «ጠቅላላ እርዳታ» በሚል አንድ ድምር ተዘግተዋል። የሚመለሰውና የማይመለሰው ገንዘብ በአንድ ዓምድ መደመሩ አሳዝኖኛል፤ እርሳስ ይዞ ያልተቀመጠ ወላጅ ዕዳውን ስጦታ ነው ብሎ ሊፈርምበት ይችላል።

በወላጁ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም የሚወስደው የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው፤ በ4 ዓመት 27,000 ይሆናል። በትምህርቱ ዘመን የሚጠራቀመውን ወለድ ሳልቆጥር፣ በ2025/26 በነበረው የ6.39 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ይመለስ ብዬ ሳሰላው በወር ወደ 305 ዶላር መጣ። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር የሙያ ሥልጠናዎችን ለመመዘን በ2023 ባወጣው ደንብ የዓመቱ የብድር ክፍያ ከዓመት ገቢ 8 በመቶ እንዳያልፍ የሚል መለኪያ አስቀምጦ ነበር። የልጄ ዲግሪ በዚያ ደንብ ባይገዛም ልኩ ትክክለኛ ስለመሰለኝ ተጠቀምሁበት፤ በዚያ መሠረት በዓመት ወደ 46 ሺህ ዶላር ማግኘት ይኖርባታል። እኔ ከማውቃቸው የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለወጣት አገልጋይ ይህን የሚከፍል አላየሁም። ብዙዎቹ መጋቢዎቻችን በሳምንቱ ታክሲ ወይም ኡበር እየነዱ እሑድ ያገለግላሉ።

ኮሌጅ ስኮርካርድ በተባለው የመንግሥት መረጃ የየትምህርት ክፍሉን ተመራቂዎች ዕዳና ገቢ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በአገልግሎት ያሉ ወንድሞች ግን ጥሪ በገንዘብ አይመዘንም ብለው ገፍተውታል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው የፌዴራል እርዳታ የወሰዱትን ነው፤ ወደ ሴሚናሪ ገብተው ገና በመማር ላይ ያሉትን ይተዋል፤ ተመራቂዎቹ ጥቂት በሆኑበት ክፍል ደግሞ ቁጥሩ ለግል ምስጢር ሲባል አይወጣም። ስለዚህ የአገልግሎትን ፍሬ ሊያሳይ አይችልም፤ ብድሩን ለመመለስ የሚቸግረውን ሰው ግን ያሳያል፣ እኔም ከእርሱ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግም ተመራቂዎቹ ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ከጨረሱ ሠራተኞች ያነሰ ገቢ ያላቸውን የባችለር ዲግሪ ትምህርት፣ ይህ ከ3 ዓመት በ2ቱ ከታየበት፣ የፌዴራል ብድር ይከለክለዋል። ዝቅተኛ ደመወዝ ለለመደ የአገልግሎት ትምህርት ይህ የሚያሰጋ ነገር ነው።

አንድ መልካም ዜና አለ። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው የቀረው የፌዴራል ብድር ይሰረዝለታል፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ ስብከትና የአምልኮ አገልግሎት ከሥራ ሰዓቱ አይቀነስም። ነገር ግን በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት የተቀጠረ መሆን አለበት። የእሑድ አገልጋይ፣ የምስጋና ስጦታ በፖስታ የሚሰጠው ወንጌላዊ፣ በዚህ ሊጠቀም አይችልም። ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ እኛ ግን የተማረ አገልጋይ እየለመንን የመማሪያውን ወጪ ለልጆቹ ጫንቃ ትተናል።

ከእናቷ ጋር ተመካክረን ወለዱ ከልጄ ብድር የሚበልጠውን ፓረንት ፕላስ ላለመውሰድ ወስነናል፤ ከእርሷ በታች ሁለት ልጆች አሉን። አጠቃላይ ትምህርቶቹን የሁለት ዓመት ኮሌጅ በሆነው በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከቤት እየተመላለሰች ትጨርሳለች፤ ዕብራይስጡንና ግሪኩን፣ መምህር ፊት ተቀምጣ ልትማር የሚገባትን፣ በቀሩት ዓመታት ትወስዳለች። የሚቀበላት ኮሌጅ እነዚያን ክሬዲቶች እንደሚይዝላት ከመመዝገቧ በፊት በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠይቃለች። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደግሞ እኔ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ የጠየቅሁትም በየሴሚስተሩ የተወሰነ ድርሻ እንዲከፍሉ፣ ስትመረቅም ለወጣቶች አገልግሎት በሳምንት 30 ሰዓት በደመወዝ የሚቀጠር ሰው በበጀታቸው እንዲይዙ ነው፤ እርሷ ባትሆን እንኳ ሌላው የጉባኤው ልጅ ይገባበታል።