ካሴት፣ ሸክላና ፍላሽ፦ የቤታችንን ሙዚቃ እንዴት መልክ አስያዝኩት

አራት ኪሎ ያለው ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ ያልተቀመጠበት ቦታ አልነበረም። ካሴቱ ቡፌ ውስጥ፣ ሸክላው አልጋ ስር፣ ሲዲው የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ ፍላሽ፣ ስልክና አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተበታትኖ ነበር። አብዛኛው የአባዬ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ እማዬ "እስቲ የብዙነሽን ክፈትልኝ" ስትለኝ፣ እኔ ካሴቱን ሳስስ እሷ ቡናውን ትጨርሳለች። ይሄ ነገር ቆርጬ እንድነሳ አደረገኝ።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚመከሩትን ዘዴዎች አነበብኩ። ብዙዎቹ በቤተሰብ ስም፣ ከዚያ በአልበም፣ ከዚያ በሙዚቃ ዓይነት ደርድሩ ይላሉ። ለእኛ ቤት አይሆንም። በአባት ስም ብንደረድር ሂሩት በቀለና ብዙነሽ በቀለ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የማያውቅ ልጅ እህትማማቾች ናቸው ብሎ ያርፋል። ዓለማየሁ እሸቴና ሸክላውን ያሳተመለት አምሃ እሸቴም ወንድማማች ሊመስሉ ነው። ደግሞስ ጥላሁንን "ገሠሠ" ብሎ የሚፈልግ ማን አለ? ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ቀላል ሆነ፤ በራስ ስም፣ በሀሁ ተራ።

መደርደሪያው ላይ ይሄ ቶሎ አለቀ። ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። "ገሠሠ"፣ "ገሰሰ" እና "ገሠሰ" ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ዘፋኝ ነው። ሐመልማል አባተ በሀሌታው "ሀ" ከተጻፈች ከሁሉም ፊት ትመጣለች፤ በሐመሩ "ሐ" ከተጻፈች ከ"ለ" በኋላ ትወርዳለች። ዓለማየሁ በ"አ" ሲሆን ከ"ከ" በፊት፣ በ"ዓ" ሲሆን ከ"ወ" በኋላ ነው። አንዱ ዘፋኝ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ሲቀመጥ ግማሹ ሥራው የጠፋ ይመስላል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ደግሞ ይብሳል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ ሙዚቃችንን ሰብስቦ ፈረንሳይ ውስጥ ቡዳ ሙዚክ በሚባል አሳታሚ በኩል ባወጣቸው፣ ኢትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ላይ የዘፋኞቻችን ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው የሰፈረው፤ እዚህ በእንግሊዝኛ ከተለመደው ጋር ጨርሶ አይገጥምም።

መፍትሔው ያለው ሙዚቃ ፋይሎቹ ውስጥ በሚጻፈው መረጃ ላይ ነው። እንደ ኤምፒስሪታግ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ዘፈን ሁለት የስም ቦታ ይሰጣሉ። አንደኛው ዓይን የሚያየው ስም ነው፤ ሌላኛው ኮምፒውተሩ ለመደርደር ብቻ የሚጠቀምበት ነው። በሚታየው ቦታ ላይ ስሙን ሽፋኑ ላይ እንዳለው፣ ከነሠውና ከነዓው እጽፋለሁ። በመደርደሪያው ቦታ ላይ ግን ሐ እና ኀ ሁልጊዜ ሀ፣ ሠ ሁልጊዜ ሰ፣ ዐ ሁልጊዜ አ፣ ፀ ሁልጊዜ ጸ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ዘፋኝ ሁለት ቦታ አልተገኘም። ላቲኑን በሙሉ ወደ ፊደላችን መለስኩት። አድካሚ ነው፣ ግን ምሽት ላይ ዘፈኑን እያዳመጡ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ ያለው የካሴቱ ስም ነው። የድሮ ካሴቶች ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ፎቶና ስም እንጂ የአልበም ርዕስ የላቸውም። እኛ ቤት "ቀዩ ካሴት" እና "ሠርጉ ላይ የተገዛው" የሚባሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ጥሪ መጣል አልፈለግኩም፤ በአስተያየት መጻፊያው ቦታ ላይ አስገባሁት። የፎልደሩ ስም ግን አንድ ወጥ ነው፦ ዘፋኝ፣ ዓመት፣ አጃቢ ባንድ፣ የመጀመሪያው ዘፈን።

ዓመቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሴቱ ላይ 1979 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 1986 ወይም 1987 መሆኑ ነው። ሲዲው ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጁ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ከተጻፉ የአንድ ዘፋኝ ሥራ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። እኔ ሁሉንም በዓ.ም. አድርጌዋለሁ። ወሩ በማይታወቅበት ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 እቀንስና ጎኑ ላይ "ገደማ" እላለሁ።

አጃቢ ባንድ የሚለውን ሳጥን ለመሙላት ግን መጽሐፍም ኢንተርኔትም ብዙ አልረዳኝም። የረዳኝ የአባዬ ጓደኛ ነው፤ ፒያሳ ያደገ፣ ጆሮው ስል የሆነ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብሮኝ ያዳምጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ሽፋኑ የለም። ማን እንዳጀበው እንዴት ይታወቃል?"

"አንተ ልጅ፣ ሽፋን ምን ያደርግልሃል? ጊታሩን ስማው እንጂ። ሰላም ስዩም አይደለም እንዴ? ሮሃ ባንድ ነው።"

አይቤክስ ባንድ ስሙ ሮሃ ከመሆኑ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ዋልያስን፣ ዳህላክን፣ ኢትዮ ስታርን በጆሮው ይለያል። እርግጠኛ ያልሆነበትን "ተወው፣ አትጻፈው" ይለኛል። እኔም ባዶ እተወዋለሁ። ባዶ ሳጥን ነገ ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ በግምት የተጻፈ ስም ግን እውነት መስሎ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቆዩና መጀመሪያ እሱን አስቀምጡት። ካሴቱ ይቆያል፣ ሰው አይቆይም።

የሙዚቃ ዓይነት የሚለውን ቦታ እንዳለ ቀየርኩት። ከውጭ የመጣው ፕሮግራም የእኛን ሁሉ ዘፈን "ወርልድ ሚውዚክ" ብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ይከተዋል። እኔ በቅኝት ጻፍኩት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከእነሱ ጎን "የበዓል"፣ "የሠርግ" እና "መንፈሳዊ" አሉ። የእንቁጣጣሽ ጠዋት "የበዓል" የሚለውን መንካት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የደከምኩበት እሱ ነው።

ካሴት እንደ መጽሐፍ በቁሙ ነው የሚቀመጠው። ክሩ እስከ ጫፍ የተጠቀለለ ይሁን። ስፒከር ውስጥ ማግኔት ስላለ ከአጠገቡ ይራቅ። ፀሐይ አይግባበት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ከሚያወጣ ግድግዳም ይሽሽ። ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሯቸው። እነሱ ከሌሉ ማንም ሰው ተሳስቶ በላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም።

የሚያቃስት፣ የሚጎተት ወይም ድምፁ የታፈነ ካሴት ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ቀፎውን ገልብጣችሁ እዩት። በታችኛው ጫፍ መሐል ላይ ክሩን ወደ ቴፑ ራስ የሚገፋ ጥፍር የምታክል ለስላሳ ጨርቅ አለች። ሙጫዋ ደርቆ ስትወድቅ ድምፁ ይታፈናል። ቀፎው በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ በትንሽ መፍቻ ፍቱት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ሁለቱን ጥቅሎች ከነክራቸው ሳታናውጡ አንሱና ጨርቋ ወዳልወደቀችበት ሌላ ቀፎ አዛውሯቸው። ክሩ በጎንና በጎን ባሉት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ ማለፉን አረጋግጡ። መጀመሪያ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሦስት ርካሽ ካሴት ላይ ከተለማመዱ በኋላ ቀላል ነው። በሙጫ የተጣበቀው ቀፎ ግን መሰንጠቅ ስለሚጠይቅ ለመጨረሻ ይቆይ።

ከማጫወታችሁ በፊት የቴፑን ራስና የጎማውን ተሽከርካሪ አጽዱ። ራሱን ኢሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ነው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ለምን ድምፁ እንደደበዘዘ ይገባችኋል። ለብዙ ዓመት ያልተነካ ካሴት ደግሞ ከመጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ይሽከርከር።

ወደ ኮምፒውተር የቀዳሁት ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ድምፁን ያሻክራል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ በጣም ይለያል። አንዱን ገጽ ሳላቋርጥ ቀድቼ በኋላ ዘፈን በዘፈን እቆርጠዋለሁ። ድምፁ ቀዩን መስመር ከነካ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ይሻላል። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ቴፑ ግን ይቆማል። ያ ገጽ ከመጀመሪያው እንደገና ይቀዳል።

መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የ60 ደቂቃው ካሴት ከ600 ሜጋባይት ያልፋል። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲቀመጥ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። እኔ ፍላኩን ለማኅደር፣ ኤምፒስሪውን ለስልክና ለመኪና አድርጌዋለሁ። ሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቼ እዚያው ፎልደር ውስጥ አኖራለሁ። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአሳታሚው ስም ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።

ሸክላው ጥቂት ነው። በቁሙ አስቀመጥኩት፤ ተነባብሮ ከተቀመጠ ይጣመማል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሬከርድስ በ"ኤኢ"፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ደግሞ በ"ኬኤፍ" የሚጀምር ቁጥር መሐሉ ላይ ባለው ወረቀት አትመዋል። ያንን ቁጥር መጻፍ ብቻውን ሸክላውን ከሌላው ይለየዋል። ባረጀ መርፌ እንዳታጫውቱት፤ መስመሩን ይፍቀዋል።

ፍላሽ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቴሌግራም የወረደው የዘፈን ስም ፊት ላይ የቻናሉን ስም ይዞ ይመጣል፤ ሱቅ ያስጫነው "ትራክ 01" ነው። ማዳመጥና መጻፍ ብቻ ነው መላው።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ "ባዶ" ወይም "የተበላሸ" የተባለ ካሴት እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አይጣል። በዚያ ዘመን ውጭ ያለ ዘመድ በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር። ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ አጎቴ ከካርቱም ሲናገር አገኘሁ። "እህቴ፣ እንደምን አላችሁልኝ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ይላል። ከጀርባው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። እማዬ ያ ካሴት ከጠፋ ቆየ ብላ ነበር የምታምነው። ለእንዲህ ያሉት "የቤተሰብ ድምፅ" የሚል የተለየ ፎልደር ከፈትኩ። የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን እማዬ እየነገረችኝ ጻፍኩ።

ሁሉም በሦስት ቅጂ ተቀምጧል። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ገርጂ እህቴ ቤት ነው። የእህቴን በየበዓሉ ስንገናኝ እናድሰዋለን። ዋናዎቹን ካሴቶች ከተቀዱ በኋላም አልጣልኳቸውም፤ ነገ የተሻለ ቴፕ ሲገኝ እንደገና ይቀዳሉ። አሁን የቀረኝ የጫማ ካርቶኑ ሲዲ ነው። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲ ከካሴትም ቀድሞ ሊበላሽ ስለሚችል ከክረምቱ በፊት እሱን እጨርሳለሁ።