ከውስጥ ነው የሚቀባው

ዛሬ ከሰዓት ቤቱ ጭር አለብኝ። ድብርት አልለውም፤ ድብርት ቢያንስ ምክንያት አለው። መጨረስ የነበረብኝን ሥራ ከፍቼ ሳላየው አፍጥጬበት ስቀመጥ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ስልኬ ሄደና ወሬዋን አገኘኋት፦ ሆትሾት፣ የልጅነቴ የሪሞት መኪና፣ እንደገና ልትመረት ነው። ቀን አልተቆረጠላትም። ወሬ ናት። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ስለሷ ስንት ጊዜ ለፍልፌያለሁ። ታሚያ (ሳጥን ውስጥ ተበታትነው የሚመጡ፣ ራስህ የምትገጥማቸው መኪናዎች የሚሠራው የጃፓን ኩባንያ) ከሠራቸው የሪሞት ባጊዎች፣ ማለትም አሸዋና ድንጋይ ላይ ከሚነዱት፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ የመጀመሪያዋ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው የወጣችው። ቀይ። ሌላው ባጊ ለየጎማው አንዳንድ አሞርዛተር ሲደረድር እሷ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በቃ። በ2007 ተመልሳ ስትወጣ አመለጠችኝ። ያን ዓመት ልጅ ልንወልድ ስለነበር «አንድ መጫወቻ መኪና ልግዛ» ብሎ አፍ ማንሳት አይቻልም ነበር። እሷ (ባለቤቴን ነው) ዛሬ «ምን ነበረበት፣ ትገዛት ነበር» ትላለች። አሁን ማለት ቀላል ነው።

ለነገሩ መጠበቅ ለምዶብናል። ሌላዋ የታሚያ መኪና፣ ሆርኔት፣ በ1984 ወጥታ የተመለሰችው በ2004 ነው። ሳንድ ስኮርቸርማ ከ1979 እስከ 2010 አስጠብቃለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። በዚያ መሃል ሰው ተምሮ፣ ተቀጥሮ፣ ጠጉሩ ሳስቶ፣ ከዚያ ሳጥኗን ታቅፎ እንደ ልጅ ይስቃል። ሳያት እኔም እንደዚያ እንደምሆን አውቄ፣ ሳጥኑ ሲከፈት ምን ምን እንደሚወጣ በሐሳቤ መደርደር ጀመርኩ። የብሎን ከረጢቶቹ፣ ጎማዎቹ፣ በመቀስ የሚቆረጡት ስቲከሮች… ከዚያ ቅርፊቷ (ከላይ የምትለብሰው አካል) ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ቅርፊቷ ከሳጥን ስትወጣ ቀይ አይደለችም። ምንም አይደለችም፤ እንደ ውሃ ጠርሙስ ወለል ብላ የምታሳይ ፖሊካርቦኔት የሚባል ስስ ፕላስቲክ ናት። ቀለሙን የምትቀባው አንተ ነህ፣ የምትቀባውም ከውስጥ በኩል ነው። መስኮቶቹን ከውስጥ በፕላስተር ትሸፍናለህ፣ ስፕሬዩን በስሱ ትነፋለህ፣ ታደርቃለህ፣ ትደግማለህ። ቀዩ እንዲደምቅ ከበስተጀርባው ነጭ ትደርብለታለህ። ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ስለሆነ መጀመሪያ ያረፈው ቀለም ነው ለዘላለም የሚታየው፤ ከተበላሸ የቱንም ያህል ብትደርብበት አይሸፈንም። (ከዚህ ስለ ሕይወት ምሳሌ ሊያወጣ ነው ብላችሁ አትስጉ።) ሁሉም ሲያልቅ ቅርፊቷን ከውጭ የሸፈናትን ቀጭን ላስቲክ በጥፍርህ ጫፍ ታነሳና ቀስ እያልክ ትልጠዋለህ። ሸርርር እያለ ይነሳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀለሙ ደብዛዛ ነበር፤ ላስቲኩ በተነሳበት በኩል ግን እንደ መስታወት ያበራል።

ይሄን ሁሉ የማውቀው ካደግሁ በኋላ ነው። የኛዋ ሆትሾት የተቀባችው ከውጭ ነበር።

ከውጭ! ያውም ላስቲኩ ላይ! ቀለሙ ደርቆ፣ ስቲከሩ ተለጥፎ፣ ለሁለት ቀን ያህል ከሳጥኑ ሥዕል አትተናነስም ነበር። ከዚያ ከአንድ ድንጋይ ጋር ተላተመችና ላስቲኩ ከነቀለሙ ከፊት በኩል ብድግ አለ። ጫፉን ይዤ ለማስተኛት ስሞክር ጭራሽ እየተገሸለጠ መጣ፣ እስከ ጎኗ ድረስ። ከዚያ በኋላ በተነዳች ቁጥር ትንሽ ትንሽ ቀይ ትጥል ነበር። ወሩ ሳያልቅ ሽቦዎቿ፣ ባትሪዋ፣ የሰርቮዋ (የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ክንድ ግራ ቀኝ ሲል ሁሉ ይታይ ጀመር። መሪውን ሳዞር ትእዛዜ ውስጧ ሲደርስ አያለሁ። የሰፈር ልጆች ሳቁብን፤ እኔ ግን እንደሷ ያለ መኪና ያየሁ አይመስለኝም።

ታዲያ ማን ነው ከውጭ የቀባት? እኔ እስከማስታውሰው ስፕሬዩን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ የያዝኩት ጋዜጣውን ነበር። ለማንኛውም ብዬ ደወልኩለት።

«ሆትሾት ልትመለስ ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ዝም አለና፣ «አሁን እንኳ ከውስጥ ቅባት» አለኝ።

«አንተ ነህ እኮ የቀባሃት!»

«እኔ ማኑዋሉን እያነበብኩልህ ነበር። ከውስጥ እያልኩህ ከውጭ ነፋኸው።»

እንዲህ ያለ ሰው አለ? ማኑዋል ሲያነብ አይቼው አላውቅም፤ እስከ ዛሬም የመድኃኒት ወረቀት እንኳ አያነብም። ተከራከርን። ድምፃችን ከፍ ሲል ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «የርስት ጉዳይ ነው?» ብላ ጠየቀች። ስልኩን ስዘጋ ግን እጄ ላይ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቀይ ጣቶች፣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሲፈተጉ። የማን ጣቶች ናቸው? የኔ ከሆኑ ለምን ከላይ ወደ ታች ነው የማያቸው? የራሱን እጅ ሁሉም ከላይ ነው የሚያየው መሰለኝ። የሱ ከሆኑስ ለምን ቆዳዬን ለበለበኝ?

ብትመጣ እንግዲህ ምን ላደርጋት ነው? እንደ ማኑዋሉ ከውስጥ ብቀባት የሳጥኑ ሥዕል ላይ ያለችው ትሆናለች፤ እሷን ደግሞ እኔ ኖሮኝ አያውቅም። የኔዋን ከፈለግሁ ከውጭ፣ ላስቲኩ ላይ ቀብቼ ድንጋይ ልፈልግ ነው። ወይስ ጭራሹን ሳልቀባት ልተዋት?

ይሄን የሚያስበው ሰው አልጋ ሥር ሁለት ያልተከፈቱ ሳጥኖች አሉት። አንዱ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ «ክረምቱ ሲገባ» ብዬ ነበር፣ ስንተኛው ክረምት እንደሆነ አልተባልኩም። ከሳጥኖቹ ጀርባ ደግሞ አንድ ጣሳ ቀይ ስፕሬይ አገኘሁ። መቼ እንደገዛሁት አላስታውስም። ነቀነቅኩት፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ትንኳኳለች። መኪናዋ የለችም፣ ቀለሙ ዝግጁ ነው። ያልጨረስኩት ሥራ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው።