የወንበር ዮጋ፦ ቆጠራው ከተዛባ እንቅስቃሴው በዝቷል

ተቀምጦ ለሚሠራ ዮጋ ሶፋ አይሆንም። ዳሌን ያሰምጥና ወገብን ያጎብጣል፤ ሆዱ የታጠፈ ሰው ደግሞ ጠልቆ መተንፈስ አይችልም። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበርም ይሸሻል። እኔ የምጠቀመው ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የእንጨት ወንበር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። እግሩ መሬት የማይደርስለት ሰው ጋቢ አጥፎ ከእግሩ ሥር ያድርግ፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ የሚልበት ግን ጋቢውን ይቀመጥበት።

ወደ ጠርዙ ጠጋ ብዬ፣ ሁለቱንም ተረከዝ መሬት አስይዤ እቀመጣለሁ። በአፍንጫዬ እስከ 4 እየቆጠርኩ አስገባና እስከ 6 እየቆጠርኩ አስወጣለሁ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ማስወጣቱን የማረዝመው ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ስለሚረግብ ነው። አንድ እጄን እምብርቴ ላይ አደርጋለሁ፤ ሆድ ሳይነሳ ትከሻ ከተነሳ አየሩ ላይ ላዩን ብቻ ነው የገባው። መጀመሪያ ላይ የሳትኩት እዚህ ነበር፤ ደረቴ እስኪወጠር ስስብ አዞረኝ። አብዝቶ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ማዞሩም የጣት መደንዘዙም ከዚያ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ቆጠራውን ትቶ እንደ ወትሮው መተንፈስ፣ ሲረጋጋ በ3 ማስገባትና በ4 ማስወጣት ነው።

ከ10 ትንፋሽ በኋላ እንቅስቃሴው ይጀምራል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳስገባ ደረቴን እከፍታለሁ፣ ሳስወጣ ጀርባዬን አጎብጣለሁ፤ 6 ጊዜ። ቀጥሎ መዞር፦ ሳስገባ ቀና እላለሁ፣ ሳስወጣ ከወገቤ በላይ ወደ ቀኝ ዞሬ 3 ትንፋሽ እቆያለሁ፤ ከዚያ ወደ ግራ። መደገፊያውን ይዞ መጎተት ወገብን ያማል፤ እጅ ያርፍበታል እንጂ አይስብበትም። ሳስወጣ ቆጠራው 6 ሳይሞላ ትንፋሼ ካለቀ እንቅስቃሴውን አብዝቻለሁ ማለት ነው፤ በግማሽ እመለሳለሁ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ማጉበጡንና መዞሩን ይተዋቸው።

ለዕረፍቱ ብዙዎች ጉልበታቸው ላይ ይደፋሉ። እኔ ጠረጴዛውን ስቤ፣ ጋቢ አጣጥፌ ግንባሬን ለ3 ደቂቃ አሳርፋለሁ። ራስ ከልብ በታች ሲወርድ የዓይን ግፊት ስለሚጨምር ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበት መደፋቱ አይመከርም፤ ጠረጴዛው ግን ራስን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ስነሳ በእጄ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጌ መጀመሪያ ወገቤን፣ ከዚያ ደረቴን፣ ራሴን በመጨረሻ አቀናለሁ። ሁለት ትንፋሽ ቁጭ ብዬ ነው የምቆመው።