ሰዓቴ አልተበላሸም፣ ውስጡን ወሰዱት እንጂ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልሮጥ ወጣሁ። የዕለቱ ልምምድ አዲስ ነገር የለውም፤ ኢንተርቫል የሚሉት ነው፣ ስምንት ጊዜ 3 ደቂቃ በፍጥነት፣ በየመሃሉ 90 ሰከንድ ሶምሶማ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን የሚያሠራኝ የስፖርት ሰዓቴ ነው። ቁልፉን ሁለቴ ስጫነው የልምምዶቹ ዝርዝር ይመጣል፣ እመርጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማሰብ የለም። ሲንቀጠቀጥ እሮጣለሁ፣ ሲንቀጠቀጥ ቀስ እላለሁ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆንኩ የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ትንፋሼ ካጠረ አራትና አምስት የሚምታቱብኝ ሰው ነኝ።

ያን ቀን ሁለቴ ተጫንኩ። ባዶ። "የተቀመጠ ልምምድ የለም" ይላል።

መጀመሪያ ሳላውቅ የነካሁት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ መንገድ ዳር ቆሜ ቁልፎቹን ሁሉ ጎረጎርኩ። ነገሩ የገባኝ ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ነው። የሰዓቱ አፕ ማታ ራሱን አድሶ፣ ከሰዓቱ ጋር ተገናኝቶ፣ ዝርዝሩን በባዶ ተክቶት አድሯል። መልእክትም ትቶልኛል፤ "ውድ ደንበኛችን፣ አገልግሎታችንን ይበልጥ ለማሻሻል..." ብሎ ይጀምራል። "ለማሻሻል" የሚለውን ቃል ሳይ ነው የሚወሰድ ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት። ልምምድ የምናዘጋጅበት ድረ ገጽ ተዘግቷል። ከእንግዲህ የሚዘጋጀው በአፑ ብቻ ነው፣ ያውም "ለሚደገፉ ሞዴሎች"። የእኔ ከማይደገፉት ነው።

ሰዓቱን ብታዩት ታዝኑለታላችሁ። ጠርዙ ላይ ጭረት አለ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ አንዱ ቁልፍ ላብ ሲገባበት ይይዛል (ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ደጋግሜ ስጫነው ይለቃል)። ከዚያ ውጪ ምንም አልሆነም። ባትሪው አሁንም ረጅም ሩጫዬን ይጨርሳል። ዕቃው ጤነኛ ነው።

ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ።

"ሰዓትዎ ላይ ምንም ብልሽት አልተገኘም።"

ተበላሸ አላልኩም፣ የነበረው ነገር ጠፋ ነው ያልኩት፤ ብዬ መለስኩ። ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ እንድመልሰውና እንድሞክር ነገሩኝ። እኔም ሞኙ መለስኩት። ስክሪኖቹን ያደረደርኩበት፣ የልብ ምት ክልሎቼ፣ እንዳይጮህ ያልኩት ማንቂያ፣ የቀረችኝን ሁሉ ጠራርጎ አጠፋት። ይህንን ስነግራቸው የመጣው ሦስተኛው መልስ ነው አንጀቴን ያሳረረው። "ሞዴልዎ የድጋፍ ዘመኑን አጠናቋል። ለታማኝ ደንበኞቻችን በአዲሱ ሞዴል ላይ የ20 በመቶ ቅናሽ አዘጋጅተናል።"

ታማኝ ደንበኛ! ታማኝነቴ አንድ ሰዓት አምስት ዓመት ማሰሬ ነው። የተቀጣሁትም በሱ ነው።

ስንገዛ የማንጠይቀው ነገር አለ። የስፖርት ሰዓት አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ የሚኖር ነገር ነው። አንዱ እጃችን ላይ፣ አንዱ ስልካችን ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ አይተነው በማናውቀው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር በሚሉት ላይ። ስንከፍል ለሦስቱም ነው የምንከፍለው። ይዘን የምንሄደው ግን አንዱን ነው። ሁለቱ አምራቾቹ ዘንድ ይቀራሉ፣ ሲፈልጉ ይዘጉታል።

ምን ያህል ከሰርቨር ጋር እንደተሳሰረ የገባኝ ደግሞ በጂፒኤሱ ነው። ከወራት በፊት ጀምሮ ሰዓቴ ሳተላይት ለማግኘት ይንቀራፈፍ ጀመር። ድሮ ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ ዝግጁ ይል የነበረው፣ አሁን እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስለት እንደሚሳል ሰው ቆሜ እጠብቃለሁ። አንቴናው አርጅቶ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። አንቴናው ምንም አልሆነም። ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፣ ግን አነጋገራቸው ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ። አንዱ ሳተላይት የራሱን ትክክለኛ መንገድ ለመንገር 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ የሁሉንም ጠቅላላ ሰንጠረዥ ለመጨረስ 12 ደቂቃ ተኩል። ስለዚህ አምራቾቹ አቋራጭ አበጁ። ሳተላይቶቹ በሚቀጥሉት ቀናት የት እንደሚሆኑ የሚተነብይ ትንሽ ፋይል በስልካችን በኩል ወደ ሰዓቱ ይላካል። ሰዓቱ ወጣ ሲል የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል፣ በሰከንዶች ውስጥ ያገኛቸዋል። ፋይሉ ግን ቶሎ ያረጃል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። የእኔ ሰዓት ላይ ፋይሉ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን ፈልጌ ሳየው ከወራት በፊት ነው። መላኩን አቁመዋል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ "ለማሻሻል" የሚል መልእክት እንኳን አልደረሰኝም።

የተጎዳሁት እኔ ብቻ ብሆን ዝም እል ነበር። ግን ታሪኩ ረጅም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፔብል የሚባለውን ሰዓት የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በ2012 ከተራ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ የተወለደ ነው። በ2016 መጨረሻ ሶፍትዌሩን ሌላው የእጅ ሰዓት አምራች ፊትቢት ገዛው። ጁን 30 ቀን 2018 ሰርቨሮቹ ተዘጉ። ሰዎች እጅ ላይ ያለው ሰዓት በአንድ ቀን የአፕ መደብሩን፣ የአየር ሁኔታውን፣ ንግግር ወደ ጽሑፍ መለወጫውን አጣ። ያዳኑት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሬብል ብለው ተሰባስበው የራሳቸውን ሰርቨር አቆሙ። ፊትቢትን ደግሞ ጉግል ገዛው፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ጉግል የፔብልን ሶፍትዌር አብዛኛውን ኮድ ለሕዝብ ለቀቀው። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ያኔውኑ ቢለቁት ምን ነበረበት?

በወርቁ አፕል ሰዓት ግን ትንሽ ሳቅሁ፣ አልዋሽም። በ2015 ከ10,000 እስከ 17,000 ዶላር የተሸጠ ባለ 18 ካራት ወርቅ ሰዓት ነው። በ2018 አዲሱ ሶፍትዌር ሲወጣ "ላንተ አይሆንም" ተባለ። ሦስት ዓመት! ወርቁ አሁንም ወርቅ ነው፣ ውስጡ ግን እንደኔው ነው።

ለእኔ ከሁሉም የባሰው ፊትቢት ላይ በማርች 2023 የሆነው ነው። ሰዎች እርስ በርስ የሚፎካከሩበትን ክፍል አነሱት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማን ብዙ ተራመደ የሚባባሉበት፣ ዋንጫ የሚሰበስቡበት ነገር ነበር። ለኩባንያው ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ክፍል ነው። ሩቅ አገር ካለች እህቷ ጋር በየሳምንቱ በዚያ ለምትፎካከር ሴት ግን ሰዓቱን ያሰረችው ለዚያ ነው። እርምጃ መቁጠርማ የትኛውም ስልክ ይቆጥራል።

ሲዘጉም አዘጋግ አለ። ማይክሮሶፍት ባንድ የሚባል የእጅ ማሰሪያ ነበረው። በሜይ 2019 አገልግሎቱን ሲዘጋ፣ ዋስትናቸው ላላለቀ ወይም ማሰሪያውን አሁንም ሲጠቀሙበት ለነበሩ ሰዎች ገንዘብ መለሰ፤ ለሁለተኛው ሞዴል 175 ዶላር፣ ለመጀመሪያው 79.99። የተገዛበትን ሙሉ ዋጋ አያክልም፣ ግን የሸጠውን ነገር መልሶ እንደወሰደ ያመነ ኩባንያ ነው። ለእኔ የቅናሽ ኮድ ነው የደረሰኝ።

እርግጥ የእነሱም ችግር ይገባኛል። ሰርቨር ነፃ አይደለም። ስልኮች በየዓመቱ ይለወጣሉ፣ አሮጌው ሰዓት ትንሽ ሚሞሪ ነው ያለው፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። አዲስ የእንቅልፍ ነጥብ፣ አዲስ "የሰውነት ባትሪ"፣ አዲስ ካርታ ጨምሩልኝ አላልኩም። ለአምስት ዓመት ዕቃ ያንን የሚጠይቅ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። እኔ ያልኩት ስገዛው ካርቶኑ ላይ ተጽፎ የነበረውን አትንኩብኝ ነው። አዲስ አለመስጠትና የሰጡትን መንጠቅ ለየቅል ናቸው፣ እነሱ ግን ሁለቱንም "የድጋፍ ማብቂያ" ብለው በአንድ ስም ይጠሩታል። ድረ ገጹን መዝጋት ግድ ከሆነ ደግሞ ልምምዱን ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅቼ በኬብል የምጭንበት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትተው ይሂዱ። አልቅሼም አልለምናቸው፣ ግን ያን ያህል ሥራ አይመስለኝም።

የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል የሳይበር ሕግ አውጥቷል። ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሸጥ፣ ዕቃው ቶሎ የሚያልቅ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ 5 ዓመት ድጋፍ መስጠት አለበት። ደስ ይላል። ግን ሕጉ የሚያወራው ስለ ደኅንነት ቀዳዳ ነው እንጂ ስለ እኔ ኢንተርቫል አይደለም።

እናንተም አሮጌ ሰዓት ካላችሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የሩጫ መዝገባችሁን ዛሬውኑ አውርዱ። እኔ በዚህ ዕድለኛ ነኝ። ሰዓቴ በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ሩጫ FIT በሚባል የስፖርት መዝገብ ፋይል ተቀምጧል፣ ገልብጬ ወሰድኩት። የስፖርት ሰዓት አምራቹ ጋርሚን በጁላይ 2020 በሳይበር ጥቃት ሰርቨሩ ለቀናት ሲዘጋበት ብዙ ሯጮች የተረፉት በዚችው ኬብል ነው። በገመድ አልባ ብቻ የሚሠራ ሰዓት ከእንግዲህ አልገዛም። አንድሮይድ ላላችሁ ደግሞ ጋጀትብሪጅ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነፃ አፕ አለ፣ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ሳይነካካ ብዙ ሰዓቶችን ያናግራል። የእኔን ሞዴል በከፊል ነው የሚያውቀው። ማሳወቂያ ይልካል፣ ኢንተርቫል አይጭንም።

ቁልፉን በእጄ እየተጫንኩ ዙሩን ከዙር መለየትማ እችላለሁ። ግን 3 ደቂቃው መሙላቱን ለማወቅ በየአሥር እርምጃው ሰዓት እያዩ መሮጥ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስምንት ጠጠር ለቅሜ ወጣሁ። አንድ ዙር በጨረስኩ ቁጥር አንድ እጥላለሁ ብዬ። ከወጣሁ ጀምሮ አራት ደቂቃ ሳተላይት ጠበቅኩ፣ ሮጥኩ፣ ተመለስኩ። ልብሴን ሳወልቅ ኪሴ ውስጥ አንድ ጠጠር ቀርታለች። ወይ ሰባት ነው የሮጥኩት፣ ወይ አንዱን መጣል ረስቻለሁ። ሰዓቱን ብጠይቀው "ሩጫ፣ 52 ደቂቃ" አለኝ። ስልኬ ላይ ደግሞ ኢሜይል ገብቷል፤ የቅናሽ ኮዴ ሊያልቅ 3 ቀን ቀርቶታል።