ተመራማሪና ገበሬ አብረው ሲሠሩ ምን ይለወጣል?

ተመራማሪዎች ከባለድርሻ አካላት ጋር የሚመሠርቱትን አጋርነት በተመለከተ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጽሑፍ 86 የቀደሙ ግምገማዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ አቀራረቦቹ ስማቸው ቢለያይም መርሖዎቻቸው እጅግ እንደሚመሳሰሉና በአጋሮቹ መካከል ያለው ግንኙነት ትልቅ ቦታ እንደሚይዝ አሳይቷል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ማስረጃው የሚሰበሰብበት መንገድ ነው፤ አጋርነቱ መሳካቱን የሚመሰክሩልን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸውና።

እኛ ደሴዎች ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአቅራቢያችን ባለው በማይባር ተፋሰስ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር መከላት ሲለካ ኖሯል፤ ልኬቱም ለሀገር የሚተርፍ ዕውቀት አፍርቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ ከተገነቡት እርከኖች ብዙዎቹ ከ1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) የመንግሥት ለውጥ በኋላ በገበሬዎቹ እጅ ፈርሰዋል፤ እርከኑ ምን ያህል መሬት እንደሚወስድ፣ ለአይጥም መጠለያ እንደሚሆን ባለመሬቱ ቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን ንድፉ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የቦርከናን ወንዝ ብክለት የሚያጠና ሰው፣ የፋብሪካዎቹን ኃላፊዎችም ሆነ በወንዙ ውኃ የሚያለሙትን ገበሬዎች ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት፣ ጥያቄው ገና ሲቀረጽ ሊያማክራቸው ይገባል።