ወደ ጓሳ መቼ እንውጣ?

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ለመውጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ነው። ቀኑን የሚወስንለት የሥራ ፈቃዱ ወይም የበዓሉ ዕረፍት ነው። ማኅበረሰቡ ለሚጠብቀው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለሚታይበት የደጋ ሣር ምድር ለመንዝ ጓሳ ግን ከሁሉ በፊት መቆረጥ ያለበት ቀኑ ነው። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የሦስት ሳምንት መዘግየት ወይም መቸኮል ጉዞውን በሙሉ ይለውጠዋል። ቀድሞ የሄደ ጭጋግና ጭቃ አይቶ ይመለሳል፤ ቀኑን ያወቀበት ደግሞ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ የምሥራቁን ቆላ እስከ አድማስ ያያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከጥቅምት 10 እስከ ኅዳር 10 ያለውን አንድ ወር ነው። ምክንያቱ በመንገዱ ላይ በደንብ ስለሚታይ በመንገዱ ቅደም ተከተል ልሂድ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአንድ ቀን አልፎ ጓሳ መድረስ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ሆኖም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን 3,400 ሜትር ላይ የሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ራሱን ሲያመውና እንቅልፍ አልወስድ ሲለው ያድራል፣ ጠዋት ምግብ አያሰኘውም። ከዚያ ሕመሙን በብርዱ ያመካኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለሰውነት ጥሩ መለማመጃ ናት። ያን ቀን ውሃ አብዝቶ መጠጣት ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢደርስ መልካም። የደብረ ብርሃን አረቄ ለብርድ መድኃኒት ነው የሚባለውን ግን አትመኑ። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሞቀን ይመስለናል እንጂ የሰውነታችንን ሙቀት ወደ ውጭ እያስወጣ ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ሰማዩን እዩ። ከዋክብቱ ጠርተው ከታዩና ነፋስ ከሌለ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ደመና ካለ ብዙ ጊዜ አይወርድም፤ ደመናው መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆየዋል። ጥርት ባለ ሌሊት ያ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ስለሚከብድ ቁልቁል ፈስሶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ድንኳን የሚተክል ሰው ይህን ካወቀ ግማሹ ሥራ አለቀለት። ከምንጭ ዳር ያለው ለጥ ያለ ሣር ያማልላል፤ የሌሊቱ ብርድ የሚከማቸው ግን እዚያው ነው። ከጎድጓዳው ጥቂት ከፍ ብላችሁ፣ ከጉብታው ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብላችሁ፣ ወገቡ ላይ ትከሉ። በሩን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያው ጨረር ጨርቁን ሲነካ ትልቅ ነገር ነው።

የውርጩ ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር ይዘልቃል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይበረታል። የጭቃው ጊዜ በበኩሉ መስከረም አያበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መስቀል አለፈ፣ ዝናቡ ቆመ፣ አደይ አበባ ፈነዳ፣ እንሂድ ይላል። የዝናቡን ማቆም ሳይሆን የመሬቱን መጠንፈፍ ቁጠሩ። የጓሳ አፈር ጥቁርና ውሃ ያዥ ነው፤ ከሣሩ ሥር ያለው ረግረግ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይጠነፍፍ ይቆያል። በመስከረም መጨረሻ መኪና ከመንገድ ወጣ ካለ ይሰምጣል፣ እግረኛም ቡት ጫማ ካላደረገ ካልሲው ቀኑን ሙሉ እንደራሰ ይውላል። እርጥብ እግር በዚያ ከፍታ ከብርዱ የባሰ ጠላት ነው። እንግዲህ ጥቅምት 10 የሚለው ቀን የጭቃው ማብቂያ ነው፣ ኅዳር 10 ደግሞ ውርጩ ከመጠንከሩ በፊት ያለው ወሰን።

በማግስቱ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትተን በስተግራ ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ እንታጠፋለን። ከመታጠፋችን በፊት ግን ገደሉን ቆሞ ማየት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስከፈተው ዋሻ የሚታወቀው ይህ በር የደጋውና የቆላው መለያ ነው። ከምሥራቅ ከቆላው የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጭጋግም ይሆናል። በክረምትና በበልግ ቀኑን ሙሉ ሊተኛበት ይችላል። ከጥቅምት በኋላ በአብዛኛው የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጣርማ በርን ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ለማለፍ ተነሡ። ጭጋጉ ከያዛችሁ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። አጭሩን አብርቶ የመንገዱን ጠርዝ እያዩ ቀስ ማለት ነው።

ጓሳ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚታየው ሣሩ ነው፤ ስሙን ለአገሩ የሰጠው ይኸው ጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአገሩ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ በበጋ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይታጨድ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። ይህን የማነሣው ለጉዞ ቀን ጉዳይ ስላለው ነው። ሣሩ ባልታጨደበት ጥቅምት ላይ መሬቱ አረንጓዴና ለምለም ቢሆንም፣ ቀይ ቀበሮ ሣሩ ውስጥ ሲሄድ ጀርባው ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ሣሩ በታጨደበት ቦታ፣ በበጋው አጋማሽ፣ ሙሉ ሰውነቱን ከሩቅ ታዩታላችሁ።

ለቀይ ቀበሮ ሲባል ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አያስፈልግም። የሚያድነው አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነሱ ደግሞ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ከጉድጓድ አይወጡም። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል። ጭላዳዎቹም ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ወደ ሜዳው የሚወጡት ፀሐይ ከሞቁ በኋላ ነው፤ በእርጥቡ ወራት ሣሩን ከላይ ሲነጩ ታዩአቸዋላችሁ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ሥር ሲቆፍሩ። የጭላዳ መንጋ ካገኛችሁ ተቀምጣችሁ ጠብቁ። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ የጓሳ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ መንጋው ያለበት ቦታ እሱም ይመጣል። ቡችሎች የሚወለዱበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውስጥ ነው። ጉድጓድ ያገኘ ሰው አይቅረብ፤ የተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ እየያዘች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራቸዋለች፣ በዚያ ብርድ ደግሞ መዛወር ለሕፃን እንስሳ ቀላል አይደለም።

ውርጭ ባደረበት ጠዋት ጓሳ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። እያንዳንዱ የሣር ጉጥ ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቅጠሉ ታጥፎ ልቡን ሸፍኖ ያድራል፣ ጫማ የረገጠበት ቦታ ጥቁር ዱካ ይቀራል። የጄሪካኑ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። ይህን ፈልጎ በታኅሣሥ የሚሄድ ሰው ትክክል ነው፤ ዕቃውን ብቻ ያሟላ። እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ (ብርዱ ከላይ ይልቅ ከመሬት ነው የሚገባው)፣ ለመኝታ ብቻ የሚቀመጥ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ያስፈልጋል። የአካባቢው ሰው የሚሠራው የሱፍ ባና ከማንኛውም ገዝተን ከምናመጣው ብርድ ልብስ ይበልጣል። የድንኳኑን መተንፈሻ ለሙቀት ብላችሁ አትዝጉ፤ እስትንፋሱ ጨርቁ ላይ ረግቶ ጠዋት በላያችሁ ይዘንባል።

ምድጃም እንዲሁ። ቡቴን ብቻ ያለበት ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ከዜሮ በታች ሲሆን ጋዙ በደንብ አይተንም፣ እሳቱም ይደክማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ፤ እሱ ካልተገኘ ቆርቆሮውን ሌሊት በልብስ ጠቅልሎ ማሳደር ወይም የላምባ ምድጃ መያዝ ነው። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት። ውሃ በዚያ ከፍታ የሚፈላው 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፤ ቤት ቀቅሎ መሄድ ወይም በሶና ቆሎ መያዝ ይሻላል። የስልክ ባትሪም በብርድ ስለሚወርድ ሌሊቱን ደረት ኪስ ውስጥ ይደር።

ጭነት እንስሳና መሪ ለማግኘት ሌላ ስሌት አለ። ኅዳር አጋማሽ ላይ የገብሱ አጨዳ፣ ቀጥሎም ውቂያው ሲደርስ አህያውም በቅሎውም ሰውም ማሳ ላይ ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይገኝም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ በመንገድ ላይ ፍስክ የሚበላ ሰው ቀድሞ ያስብበት። ወር በገባ በ21 ዋዜማ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ምእመን ብዙ ስለሆነ የሕዝብ ትራንስፖርት ይጠባል፤ በጥምቀት ሰሞንም እንዲሁ።

ከየካቲት በኋላ ያለውን አልመክርም። ሣሩ ደርቋል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፣ ቆላው በጭጋግ ሳይሆን በደረቅ ብናኝ ተሸፍኖ ከገደሉ አፍ አይታይም፤ በዚያ ላይ በልጉ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር አይታወቅም። ክረምት ላይ በረዶ ዘንቦ ኮረብታው ነጭ ሲለብስ ማየት የሚመኙ አሉ፤ ያ ግን ጥቂት ይቆይና ይቀልጣል፣ ለእሱ ሲባል መንገድ ላይ መታገት አይገባም።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላም ዓመት ከዓመት ስለሚለያይ አጣሩ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ እዩ፤ ጥቅምት ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከተነገረ አንድ ሳምንት ግፉት። ከዚያ መሐል ሜዳ ላለ ሰው ደውሉና ጠይቁ፦ የጭነት መኪና ያለ ችግር እየገባ ነው? ውርጭ ጀመረ? አጨዳ ተጀመረ? መንገዱ ሰላም ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ካላረካችሁ ሌሎቹን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።

ስትመለሱ አንድ ቀን ካላችሁ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አንኮበር ውረዱ። እዚያም የገደሉ ሕግ አንድ ነው፦ ጠዋት ጥርት ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይጨልማል። በዚያ ገደል የምትኖረውን፣ በሳይንስ የታወቀችው በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሆነውን ትንሽ የአንኮበር ወፍ ለማየት የሚፈልግ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ገደሉ አፍ ይገኝ። ከአንኮበር ለመውጣት ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አታሳልፉ፤ ዳገቱን በብርሃን ጨርሳችሁ ደብረ ብርሃን ግቡ።