«ፍራንቼስኮ ኑሎ»፦ ከምጽዋ ወጥታ ያልተመለሰች መርከብ

ጥቅምት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር መቀመጫዋ ምጽዋ የነበረችው የጣሊያን አጥፊ መርከብ (ፈጣን የጦር መርከብ) «ፍራንቼስኮ ኑሎ» ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ሐርሚል አጠገብ የጠፋችው። ሌሊቱን በአጃቢ የጦር መርከቦች የሚጠበቀውን የ32 መርከቦች የእንግሊዝ ቅፍለት ሊመቱ ከወጡት አንዷ ነበረች። መሪዋ ተቆልፎ ከጓዶቿ ተነጠለች፤ መሪው እንቢ ያለ መርከብ ፍጥነቱም አያድነውም። ሲነጋጋ የእንግሊዝ አጥፊ መርከብ «ኪምበርሊ» ደረሰችባት፦ «ኪምበርሊ» 6 ባለ120 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት፣ «ኑሎ» ግን 4 ብቻ። «ኑሎ» ሞተር ክፍሏ ሲመታ ቆመች፣ ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ጨረሳት። አዛዧ ቦርሲኒ ከመርከቡ አልወረደም። የሚገርመው፣ በሐርሚል የነበረው የጣሊያኖች ምሽግ መድፍ የአሸናፊዋንም ሞተር ክፍል መታ፤ «ኪምበርሊ»ን ሌላዋ የቅፍለቱ አጃቢ የጦር መርከብ «ሊያንደር» ጎትታ ፖርት ሱዳን አደረሰቻት። የቀሩት የምጽዋ አጥፊ መርከቦችም መጋቢት 1933 ላይ አለቁ፦ ከፊሉ በአውሮፕላን ተመትተው፣ ከፊሉ በገዛ ባሕርተኞቻቸው እጅ ሰጥመው።